አልጌ ፍሳሹን ይበላል፤ አልጌውን ማን ያጭዳል?

ጎንደር የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል ነው፤ አንገረብ በምሥራቅ፣ ቀሃ በምዕራብ። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ቦታውን ለመናገሻነት ሲመርጡ ከታያቸው ነገር አንዱ ይህ ውሃ ሳይሆን አልቀረም። ዛሬ ወንዞቹ ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸዋል። የጓዳ እጣቢ፣ የላቫጆ ሳሙናና ዘይት፣ የእርድ ደም፣ የጠላና የአረቄ አተላ፣ ሞልቶ ከፈሰሰ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሾልከው ሁሉ ወደ እነሱ ይወርዳል። አንገረብም ቀሃም ሌላው የከተማዋ ወንዝ ሽንታም መድረሻቸው መገጭ ወንዝ ነው፤ መገጭ ደግሞ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ከከተማዋ እስከ ሐይቁ ምድሩ ከ300 ሜትር በላይ ስለሚያዘቀዝቅ፣ እዚህ የተደፋው እዚያ ለመድረስ የማንንም እገዛ አይፈልግም።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ይህን ሁሉ የጎንደር ፍሳሽ አመጣው ማለት ግን ስሕተት ነው። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ድርሻው ከባድ ነው፤ አንገረብ ግድብን በደለል እየሞላ ለከተማዋ የሚደርሰውን የመጠጥ ውሃ ያሳነሰውም ይኸው የአፈር መታጠብ ነው። የከተማው ድርሻ ግን አለ፤ ከእርሻው በተለየም በክረምት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል።

መፍትሔ ሲፈለግ ብቅ ከሚሉት ሐሳቦች አንዱ አልጌ ነው፤ በቆመ ውሃ ላይ የምናየው ያ አረንጓዴ ልጋግና ዘመዶቹ። ሐሳቡ ሲሰማ ጆሮ ይስባል፦ ከፀሐይና ከቆሻሻ በቀር ምንም የማይጠይቅ ፍጥረት ውሃችንን ያጸዳልናል፣ ከዚያም ማዳበሪያ ይሆነናል። እኔም ሐሳቡን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚወራው የታሪኩ ቀላል ግማሽ ነው። አልጌ በጎንደር ፍሳሽ ላይ ለመብቀል የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ውሃው በተኛበት ሁሉ እየበቀለ ነው። መወሰን ያለብን የት እንደሚበቅልና ማን እንደሚያጭደው ነው።

አሠራሩን ልግለጽ። አልጌ እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብ ይለውጣል፤ ሥርና ግንድ ለመሥራት ግን ጊዜ አያጠፋም። እንደ ክሎሬላና ሴኔዴስመስ ያሉት በዓይን የማይታዩ ዝርያዎች ሙቀቱና ምግቡ ከተሟላላቸው በአንድ ቀን ውስጥ እጥፍ መሆን ይችላሉ። ለዚህ ዕድገት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም በሽንት፣ በደም፣ በአተላና ከማሳ በታጠበ ማዳበሪያ ውስጥ ሞልተዋል። ደረቅ አልጌ ሲመዘን ግማሹ ያህል ካርቦን፣ ከመቶ 7 እስከ 10 የሚሆነው ናይትሮጅን፣ ከመቶ 1 ገደማው ደግሞ ፎስፈረስ ነው። በአልጌው ሰውነት ውስጥ የገባው እያንዳንዱ ግራም ከውሃው ላይ ተቀንሷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም አልጌ ከባክቴሪያ ጋር የሚገባው ሽርክና ነው። ፍሳሽ የሚከረፋው በውስጡ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅና ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜዳውን ሲይዙት ነው። አልጌ ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ይረጫል፤ አየር ፈላጊ ባክቴሪያዎች በዚያ ኦክስጅን ቆሻሻውን አፍርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሱለታል፤ አልጌው ያንን መልሶ ይበላል። በዘመናዊ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ይህን ኦክስጅን የሚያቀርቡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አየር ነፊ ማሽኖች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከጣቢያው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ያን ሥራ ፀሐይ ከሠራችው ትርፉ ቀላል አይደለም። አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲመጥ ውሃው ከቀትር በኋላ አልካላይነቱ ይጨምራል፤ በዚህም ከፊሉ ፎስፈረስ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የፀሐዩ ጨረርና የውሃው ባሕርይ ተጋግዘው ብዙዎቹን የተቅማጥ ባክቴሪያዎች ያጠፋሉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዊሊያም ኦስዋልድና ሃሮልድ ጎታስ በ1950ዎቹ አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ1957 አሳትመውታል። ከነሱ ሥራ የተወለደው ኩሬ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ የሩጫ መም ቅርጽ ያለው፣ በቀዛፊ መንኮራኩር ቀስ እያለ የሚዞር ነው። ጥልቀቱ የሚያንሰው ብርሃን እስከ ታች እንዲደርስ፣ ውሃው የሚዞረው አልጌው ተራ በተራ ፀሐይ እንዲያገኝና እንዳይዘቅጥ ነው። ፍሳሹ ከ4 እስከ 10 ቀን ያህል በውስጡ ይቆያል። በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በ5 ሄክታር ላይ ተሞክሮ ታይቷል። ሌላኛው መንገድ በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበረው ዋልተር ኤዲ በ1980ዎቹ ያዳበረው ነው፦ በተዳፋት ላይ መረብ ይነጠፋል፣ ውሃው በላዩ በስሱ ይፈስሳል፣ ፀጉር መሰል አልጌዎች መረቡን ይይዛሉ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይፋቃሉ። ለተራራማዋ ጎንደር የኋለኛው በመልክዓ ምድር ይቀርባታል፤ ውሃውን ቁልቁለቱ ራሱ ይነዳዋልና።

ኢትዮጵያም ለአልጌ እንግዳ አይደለችም። ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆ ያለው ጭቱ ሐይቅ ስፒሩሊና የሚባለው የአልጌ ዓይነት በራሱ ጊዜ የሚበቅልባቸው ናቸው፤ በቻድ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የካነም ሕዝቦች ደግሞ ይህንኑ አድርቀው ሲመገቡት ኖረዋል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይግባ፤ ምግብ የሚሆነው በንጹሕ ውሃ የበቀለው ነው እንጂ የፍሳሽ ኩሬ ውጤት አይደለም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነውና። አንድ ሰው በዓመት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከሰውነቱ ያስወግዳል፤ አብዛኛው በሽንት ነው። 3 ኪሎ ብንይዝ በቀን 8 ግራም ያህል ይሆናል። በደንብ የተያዘ የአልጌ ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም ደረቅ አልጌ ይሰጣል እንበል፤ ከዚህ ከመቶ 8 ናይትሮጅን ከሆነ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይወስዳል። የአንድን ሰው ናይትሮጅን ለመውሰድ እንግዲህ ከ5 እስከ 7 ካሬ ሜትር ኩሬ ያስፈልጋል። ከፊሉ ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ስለሚሄድ ቦታው በተግባር ሊያንስ ይችላል፤ መጠኑ ግን ከዚህ እጅግ አይርቅም። ለ100 ሺህ ሰው ከ50 እስከ 70 ሄክታር ማለት ነው። ሜዳ መሬት በጎንደር ምን ያህል እንደሚገኝ ከፒያሳ ወደ ማራኪ በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ወደ አዘዞ ሲወርዱ መሬቱ ይለጠጣል፤ እዚያ ደግሞ ኩሬው ከመኖሪያ ቤትና ከእርሻ ጋር ይሻማል።

ስለዚህ «አልጌ የጎንደርን ፍሳሽ ያጸዳል» የሚል ርእስ ያነበበ ሰው ይጠንቀቅ። አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ የሚጠቀመው ጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ፍሳሹ በአንድ ቱቦ ተሰብስቦ አንድ ቦታ አይደርስም። ያልተሰበሰበ ፍሳሽ በአልጌም በሌላም አይጸዳም። አሁን በኮሪደር ልማት መንገዱ እየሰፋና ከሥሩ ቱቦ እየተቀበረ ባለበት ጊዜ ከመብራቱና ከአበባው ይልቅ መጠየቅ የነበረበት የቱቦው መውጫ ነው። ንጹሕ መንገድ ሠርቶ እጣቢውን በተሻለ ፍጥነት ቀሃ ማድረስ ለመንገዱ እንጂ ለወንዙ ልማት አይደለም። ቀሃ ደግሞ ማንም የማያየው ወንዝ አይደለም፤ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከእሱ በተጠለፈ ውሃ ነው።

ከመሬቱ ይልቅ ግን ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ አጨዳው ነው። አልጌ በኩሬ ውስጥ በዝቶ ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሲሆን እንኳ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ደረቅ ክብደት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም አይሞላም። 200 ሊትር ከሚይዝ በርሜል የሚወጣው ደረቅ አልጌ ከ60 እስከ 100 ግራም ነው፤ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት። ይህን ከውሃው ለይቶ ማውጣት ከጠቅላላው የማምረቻ ወጪ ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆነውን ሊወስድ እንደሚችል በዘርፉ የተለመደ ግምት ነው። ካልወጣስ? አልጌው ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ የወሰደውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መልሶ ለውሃው ያስረክባል፤ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ያሟጥጠዋል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በሕይወት ያለውም አልጌ ራሱ ኦክስጅን ተንፋሽ ነው፤ አልጌ በበዛበት ሐይቅ ዓሣ ጎሕ ሲቀድ ሞቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ያልታጨደ የአልጌ ኩሬ ቆሻሻውን ለጥቂት ቀናት አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ወደ መገጭ የሚልክ ተቋም ነው። በእምቦጭ ላይ ያየነውም ይኸው ነው፤ እምቦጭም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከውሃው ይወስዳል፣ ካልወጣ ሐይቁ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ወጥቶ ዳር ላይ ከተከመረም ዝናብ መልሶ ያጥበዋል። ያን ሁሉ ገበሬ ጣና ዳር በእጁ ሲያስለቅም የከረመው አረም የአጨዳን ዋጋ አስተምሮናል፤ ቢያንስ ማስተማር ነበረበት።

ማውጫ መንገድ ግን የለም ማለት አይደለም። በሚዞር ኩሬ ውስጥ አልጌና ባክቴሪያ በጊዜ ብዛት ተቆላልፈው ጓል ይሠራሉ፤ ጓሉ ጸጥ ባለ ገንዳ ውስጥ በራሱ ይዘቅጣል። ከዘቀጠው ከፊሉን ወደ ኩሬው መመለስ የሚዘቅጡት ዝርያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። ሽፈራው (ሞሪንጋ) የሚባለው ዛፍም አለ። የዘሩ ዱቄት ደፍራሽ ውሃን እንደሚያጠልል በሱዳን የዐባይ ዳር ሴቶች ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ በዘሩ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል የያዘውን የአልጌ ሕዋስ አያይዞ ያዘቅጠዋል። የመረቡ ዘዴ ከሁሉም ይቀላል፤ አልጌው ተንሳፋፊ ሳይሆን የተጣበቀ ስለሆነ በመፋቂያ ይሰበሰባል፤ የሚያስፈልገው የሰው ጉልበት ነው። ለወጣቶች ሥራ እንፍጠር የሚል ከተማ ይህን እንደ ጉድለት ሊያየው አይገባም።

የታጨደው ምን ይሆናል? አንድ ሄክታር ኩሬ በቀን ከ150 እስከ 200 ኪሎ ደረቅ አልጌ ከሰጠ አንድ ቶን ለመሙላት ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃዋል። በአንድ ቶን ውስጥ 80 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለ፤ ይህ በዩሪያ ሲተመን ከ170 ኪሎ በላይ ነው። ዩሪያ ወረፋ የሚያስጠብቅ፣ ዋጋውም የገበሬውን ወገብ የሚያጎብጥ በሆነበት ዘመን ይህ ቁጥር ልብ ይስባል። ነገር ግን ናይትሮጅኑ የሚለቀቀው አልጌው አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ስለሆነ እንደ ዩሪያ ፈጥኖ አይደርስም። የወስፋት እንቁላልም ጠንካራ ነው፤ ከፍሳሽ የወጣ ነገር በቂ ሙቀት ባለው ኮምፖስት ውስጥ ሳያልፍ ማሳ መግባት የለበትም፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ደግሞ ጭራሽ ባይውል ይመረጣል። ለችግኝ ጣቢያ፣ ለዛፍና ለመኖ ሣር ይበቃል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሽንት፣ ደምና አተላ ነው። ጋራዥና ላቫጆ ሲመጣ ጨዋታው ይለወጣል። የአልጌ የሕዋስ ግድግዳ እርሳስን፣ ክሮሚየምንና ካድሚየምን የመሳሰሉ ብረቶችን ይይዛል፤ የሞተ አልጌም ሳይቀር ይይዛል፤ መያያዙ በአብዛኛው ኬሚካዊ ነውና ሕይወት አይጠይቅም። ሆኖም ብረት እንደ ናይትሮጅን ተበልቶ ወደ ሌላ ነገር አይለወጥም። ከውሃ ወደ አልጌ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ያ አልጌ ማዳበሪያ ከሆነ እርሳሱ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ የጋራዥ ፍሳሽና የመጸዳጃ ፍሳሽ በአንድ ኩሬ መገናኘት የለባቸውም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ጥሩውን ምርት በመጥፎው ማበላሸት ነው። የተቃጠለ ዘይትን በተመለከተ ርካሹ መፍትሔ አልጌ አይደለም፤ ላቫጆው በር ላይ የሚሠራ የዘይት መለያ ጉድጓድ ነው።

አንድ የሚያሰጋ ነገርም አለ። ከአልጌ ጋር በአንድነት ከሚጠሩት መካከል ሳያኖባክቴሪያዎች ይገኙበታል፤ በውስጣቸው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ማመንጨት ይችላል። በጣናም በቆቃም መኖሩ ተመዝግቧል። የመርዙ ክፋት እስከ ምን እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚሏ ካሩዋሩ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፦ በዚህ መርዝ የተበከለ ውሃ ለኩላሊት እጥበት ውሎ ከ50 ያላነሱ ሕሙማን ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ነው፤ ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። ማይክሮሲስቲስ የሚወደው የቆመ፣ ሞቅ ያለና ፎስፈረስ የጠገበ ውሃ ነው። በሚዞርና ቶሎ ቶሎ በሚታጨድ ኩሬ ውስጥ ክሎሬላና ሴኔዴስመስ ይቀድሙታል፤ ቸል በተባለ ኩሬ ውስጥ ግን እሱ ባለቤት ይሆናል። አልጌን በወንዙ ወይም በግድቡ ውስጥ በቀጥታ እናባዛ የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም።

እንግዲህ ለጎንደር የሚሆነው የቱ ነው? በእኔ አስተያየት ፍሳሹ አስቀድሞ በአንድ ግቢ የተሰበሰበበት ቦታ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲመሠረት ዓላማው በሽታን ከምንጩ መከላከል ነበር፤ ተማሪዎች በሺዎች የሚያድሩባቸው ግቢዎች፣ ላቦራቶሪና ውሃ የሚመረምር ባለሙያ አለው። በስሌታችን 2 ሺህ ተማሪ ለሚያድርበት ግቢ ከ1 እስከ 1.4 ሄክታር ይበቃል። የከተማዋ ቄራ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን ደም ውሃውን ስለሚያጠቁረው ብርሃን አያልፍም፤ መጀመሪያ በባዮጋዝ ጉድጓድ ማለፍ አለበት። ጋዙ ማገዶ ይሆናል፤ ናይትሮጅኑ ግን በጋዝ አይሄድም፤ ሳይነካ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ አልጌው የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው። የሆስፒታል ፍሳሽን ግን ከዚህ ሙከራ ውጪ አደርገዋለሁ፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት የራሱ መላ ይፈልጋል።

አየሩ ያግዛል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፣ የቀኑ ርዝመትም በበጋና በክረምት ብዙ አይለያይም። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ግን ይቀዘቅዛል፤ ዕድገቱም ይዘገያል፤ ስለዚህ ኩሬው በሞቃቱ የሚያዝያ ወር ልክ ሳይሆን በቀዝቃዛው ወር ልክ መሠራት አለበት። ክረምት ሌላ ፈተና ነው፤ ደመና ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ጎርፍ ኩሬ ከገባ አልጌውን በአንድ ሌሊት ጠርጎ ይወስደዋል። የጎርፍ ቦይና የፍሳሽ ቱቦ መለየት ያለበት ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት ነው።

ሙከራው በጥቅምት ቢጀመር እስከ ሰኔ መግቢያ ስምንት ወር ያህል ፀሐይ አለው። በእነዚያ ወራት የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በየሳምንቱ ይለካ፤ የታጨደው አልጌ በኪሎ ይመዘን፤ አንድ ኪሎ ለማውጣት ስንት ብርና ስንት የሰው ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍ። የአጨዳው ደመወዝ ከግንባታው ገንዘብ ተለይቶ በመደበኛ በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ ለግንባታ የሚሰጥ ለጋሽ ይገኛል፣ ለመፋቂያና ለመፋቅ የሚሰጥ ግን ብርቅ ነው። ይህ በጀት እስካልጸደቀ ድረስ ቁፋሮው ባይጀመር እመርጣለሁ።